በሬዚን የሞዴል መልክዓ ምድር ላይ ያረጀ ሙጫንና ሸካራ ልባስን ስለማስወገድ

ለሞዴል ባቡርና ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚያገለግሉ ትንንሽ ኮረብታዎች፣ ፍርስራሽ ግንቦች፣ ድልድዮችና የዋሻ አፎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከፖሊዩሪቴን ሬዚን ነው። ሁለት ፈሳሾች ይደባለቃሉ፤ ድብልቁ በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ በደቂቃዎች ጊዜ ውስጥም ይጠነክራል። ዕቃውን የገዛው ሰው ደግሞ በበኩሉ በላዩ ላይ ነጭ ሙጫ ይቀባል፤ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ይነሰንስበታል፤ ቀለም ይደርብበታል፤ ሰው ሠራሽ ሣርም ይተክልበታል። ከዓመታት በኋላ ሣሩ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ አቧራው ከሙጫው ጋር ይጋገራል። ዕቃውን እንደገና ለማደስ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ቀለም መቀባት ሳይሆን የቀድሞውን ልባስ ማንሣት ነው።

ይህ ሥራ ቀላል መስሎ የሚታይበት ምክንያት የዕቃው ትንሽነት ነው። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ትንሽነት ነው። በሞዴል ባቡር ዘንድ የተለመደው መጠነ ልክ 1፡87 ነው። በእውነተኛ ግንብ ላይ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ መጋጠሚያ በዚህ መጠነ ልክ ሲቀነስ ከ0.12 ሚሊሜትር ያነሰ ስንጥቅ ይሆናል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ነጭ ሙጫ ይህን ስንጥቅ ሞልቶ ሊደፍነው ይችላል። ሙጫውን ለማንሣት የተሳበ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀትም ስንጥቁን ከነዳርቻው ይዞት ይሄዳል። የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም፤ ጥቂት ደርዘን ጊዜ ከተሞላ በኋላ እየተቀደደና ዝርዝሩን እያጣ ይሄዳል። በአነስተኛ ወርክሾፖች ተሠርተው ቅርጽ ማውጫቸው የተጣለ ዕቃዎች ስለዚህ ዳግመኛ አይገኙም። በመፋቅ የጠፋ ዝርዝር የጠፋው ለዘለቄታው ነው ማለት ነው።

በዘርፉ ልምድ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠያየቁት «የትኛው ፈሳሽ ይበረታል?» እያሉ ነው። ጥያቄው አሳሳች ይመስላል። ሙጫውን የሚያሸንፍ ኃይለኛ ፈሳሽ ሬዚኑንም ሊያሸንፍ ይችላልና። መጠየቅ ያለበት ሙጫው ባሕርዩን የሚለውጥበት፣ ሬዚኑ ግን የማይለውጥበት ሁኔታ የቱ ነው የሚለው ነው። ሁኔታው የሙቀት መጠን ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ውኃም ሆነ ሌላ አሟሚ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ የሚያተኩረው በዚህ የልዩነት መስኮት ላይ ነው።

የቁሶቹ ባሕርይ

ፖሊዩሪቴን በጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የተገኘ የፖሊመር ቤተሰብ ነው። ለቅርጽ ማውጣት የሚውለው ዓይነት ሲጠነክር ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተሳስረው መረብ ይፈጥራሉ። በመሆኑም በአሟሚ ውስጥ አይሟሟም፤ ነገር ግን ሊያብጥ ይችላል። ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ያበጠ ገጽ ለጊዜው እንደ ጎማ ይለሰልሳል፤ አሟሚው ሲተንን አብዛኛውን ጥንካሬውን መልሶ ያገኛል። ጉዳቱ የሚደርሰው በመካከሉ ነው። ለስላሳ በሆነበት ሰዓት ብሩሽ የነካው ጠርዝ ይሸሻል፤ የቀጠነው ክፍልም ይጣመማል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። የሬዚን ዕቃ ተጣሞ ሲመጣ ባለሙያዎች በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥ ነክረው ያቀኑታል። ይህ የታወቀ ዘዴ ሬዚኑ ከውኃ መፍያ በታች በሆነ ሙቀት እንደሚለሰልስ ያስረዳል። ለማቅናት የሚረዳው ሙቀት ቀጥ ያለውንም ሊያጣምም እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ለቀጭን የሬዚን ግድግዳ ከበቂ በላይ ነው።

ነጩ የእንጨት ሙጫ በመሠረቱ ፖሊቪኒል አሴቴት ነው። ይህን ቁስ ያገኘው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ክላተ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1912 ነበር። ሙጫው በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ በውኃ ላይ የተንሳፈፉ ደቃቅ የፖሊመር ቅንጣቶች ስብስብ ነው፤ ወተት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ግልጽ ቆዳ ይሠራሉ። ቅንጣቶቹን በውኃ ውስጥ ለይቶ ለማቆየት ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ፖሊቪኒል አልኮል ግን ከደረቀው ቆዳ ውስጥ አይወጣም። ይህ ንጥረ ነገር ውኃን ይወድዳል። የደረቀው ሙጫ እንደገና ውኃ ሲያገኝ የሚነጣው፣ የሚያብጠውና የሚለሰልሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ሙጫውን ያሟሟዋል ማለት ስሕተት ነው፤ ያሳብጠዋል እንጂ። የሚነሣውም እንደ ቆዳ ተልጦ ነው።

የዚሁ ሙጫ ሌላ ጠቃሚ ባሕርይ የመስታወታዊ ሽግግር ሙቀቱ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። የፖሊቪኒል አሴቴት ሽግግር የሚጀምረው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም ከፍ ባላለ ሙቀት ነው፤ ውስጡ የገባ ውኃም ይህን ይበልጥ ይቀንሰዋል። እንግዲህ በ40 እና በ45 ዲግሪ መካከል ያለ፣ እጅ ሊታገሠው የሚችል ለብ ያለ ውኃ ሙጫውን በሁለት መንገድ ያጠቃዋል፤ በሙቀቱና በእርጥበቱ። ሬዚኑ ግን በዚህ ሙቀት ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ከሁሉም ሰፊው የልዩነት መስኮት ይህ ነው። ውኃ ውስጥ እንዲጸኑ ተብለው የተዘጋጁ የእንጨት ሙጫዎች ግን ሰንሰለታቸው የተሳሰረ በመሆኑ ለዚህ ዘዴ እሺ አይሉም።

ክፍሎችን እርስ በርስ ለማያያዝ የሚውለው ሱፐር ግሉ ሳያኖአክሪሌት ነው። ሃሪ ኩቨር እ.ኤ.አ. በ1942 አግኝቶት ለገበያ የቀረበው በ1958 ነበር። ሲደርቅ ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ ነው። በቀጥታ ሲጎተት ብዙ ይችላል፤ በድንገት ሲመታ ወይም ከዳር ሲላጥ ግን ይሸነፋል። አሴቶን ቀስ በቀስ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋልም። ኢፖክሲ ደግሞ እንደ ሬዚኑ ሁሉ የመረብ ፖሊመር ስለሆነ በቤት ውስጥ በሚገኝ አሟሚ አይወጣም። በክፍል ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ይሁንና የሚለሰልስበት ሙቀት ሬዚኑ ከሚለሰልስበት እምብዛም አይርቅምና መስኮቱ ጠባብ ነው። ኢፖክሲን በሜካኒካዊ መንገድ አሳንሶ የቀረውን መተው ከሌላው አማራጭ ሁሉ የተሻለ ነው።

ዕቃውን ስለመለየት

ከውጭ ሲታይ ሬዚን የሚመስል ሁሉ ሬዚን አይደለም። ከጀሶ የተሠራ ዐለት፣ ከፖሊስታይሪን የተሠራ ግድግዳና በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ የታተመ ዕቃ ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ለእያንዳንዳቸው ግን የሚስማማው መንገድ ይለያያል። ቀለም ባልነካው የታችኛው ገጽ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ማኖር የመጀመሪያው ፈተና ነው። ጀሶ ጠብታውን ይመጥጠዋል፤ ሬዚን አይመጥም። ጀሶ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ስለሚሟሟ ለሰዓታት ከተነከረ ጠርዞቹ ይደነዝዛሉ። ቀጥሎ አሴቶን በነካ ጥጥ ስውር ቦታን ለአንድ አፍታ መንካት ነው። ፖሊስታይሪን ወዲያው ይጣበቃል፤ በደንብ የጠነከረ ፖሊዩሪቴን ግን አይጣበቅም። በብርሃን የጠነከረ የታተመ ዕቃ በአልኮል ውስጥ ረዥም ጊዜ ከቆየ ሊያብጥና ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከሬዚኑ ጋር በአንድ ዕቃ መንከር አይገባም። በእሳት አቃጥሎ በሽታው መለየት ከድሮ ጀምሮ የሚነገር ዘዴ ነው፤ ሊተገበር ግን አይገባውም። ፖሊዩሪቴን ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድን የመሰለ መርዛማ ጋዝ ይለቃልና።

በታችኛው ገጽ ላይ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ፤ የአየር ቋቶች። ከሬዚኑ ሁለት ፈሳሾች አንዱ አይሶሳያኔት ሲሆን ይህ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ጋዙም አረፋ ሆኖ ይቀራል። ታች ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ላይኛው ገጹ ሥርም ተመሳሳይ ቋቶች ሊኖሩት ይችላል። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ በሾለ ብረት መቆርቆር ቀጭኑን ክዳን ሰብሮ ጉድጓድ መክፈት ነው።

ደረቁ ሥራ

ልምድ የሌለው ሰው ዕቃውን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይጨምረዋል። ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ፈሳሽ ወደ ጠጣር ነገር ሰርጎ የሚገባበትን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለመስረግ የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር እንጂ። 0.2 ሚሊሜትር የሆነ የሙጫ ቆዳ 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከዚሁ ሙጫ የተሠራ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልባስ መቶ እጥፍ፣ ማለትም ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። አሸዋው ደግሞ ውኃውን ስለማያስገባ መንገዱን ያጠማዝዘዋል። ከታች ያለው ሬዚን ውኃ አያሳልፍም፤ ከላይ ያለው ቀለምና ቫርኒሽም አብዛኛውን በር ዘግቶታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሌሊቱን ሙሉ የተነከረ ዕቃ ጠዋት ሲወጣ ዳር ዳሩ ብቻ ለስልሶ፣ መሐሉ እንደነበረ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ሕጉ ግን በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ከመንከር በፊት የልባሱን ግማሽ ውፍረት በደረቁ ያነሣ ሰው የመንከሪያውን ጊዜ ወደ ሩብ ያወርዳል። ለዚህም ሬዚኑን መንካት አያስፈልግም። የሚነሣው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ሣሩ፣ ጎልቶ የወጣው ጠጠርና የቀለሙ ንብርብር። በደንደስ ቢላዋ ልባሱን በቀስታ መሸንሸን ደግሞ ለውኃው በር ይከፍታል፤ ቢላዋው ግን ከልባሱ ውፍረት በታች መውረድ የለበትም። ጥልቀቱን ለማወቅ ልባሱ ቀድሞ የተሰበረበትን ዳር ማየት ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ነገር አጥብቆ መታሰብ ይኖርበታል። የአሸዋ ዋና ቁስ ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ ይህም ከተራ ቢላዋ ብረት ይበልጣል፤ ከሬዚኑ ጋርስ ፈጽሞ አይነጻጸርም። እንግዲያው ከልባሱ የተፈታ እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት በብሩሹና በሬዚኑ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ሠራተኛው «ለስላሳ ብሩሽ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ይጽናና ይሆናል፤ ገጹን የሚፍቀው ግን ብሩሹ አይደለም። የተፈታውን አሸዋ ቶሎ ቶሎ ማራገፍ፣ በኋላም በሚፈስስ ውኃ ማጠብ ከብሩሹ ልስላሴ የበለጠ ዋጋ አለው።

በሱፐር ግሉ የተያያዙ ክፍሎችን መነጣጠል ካስፈለገም ጊዜው አሁን፣ ዕቃው ገና ደረቅ ሳለ ነው። ዕቃው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከ20 ዲግሪ ወደ 18 ከዜሮ በታች ሲወርድ የሙቀት ልዩነቱ 38 ዲግሪ ነው። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የሬዚን ክፍል፣ የመስፋፋት መጠኑ በዲግሪ 80 ሚሊዮንኛ ነው ቢባል፣ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ከእርሱ ጋር የተጣበቀ የብረት ክፍል ግን ከዚህ ሩብ እንኳ ላያጥር ይችላል። ተሰባሪው ሙጫ በሁለቱ መካከል ይወጠራል፤ አጭር የጎን ጠመዛም ይለያየዋል። ሬዚን ከሬዚን ጋር የተጣበቀ ከሆነ ሁለቱም እኩል ስለሚያጥሩ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ የቀረው የሙጫው በብርድ መሰባበር ብቻ ነው። ሬዚኑ ራሱም በብርድ ይሰበራልና ቀጭን ምሰሶ ወይም የመስኮት ፍሬም ያለበት ዕቃ ባይሞከርበት ይመረጣል። ቅደም ተከተሉ የሚከበርበት ምክንያት ግልጽ ነው። አስቀድሞ በውኃ የተነከረ ዕቃ በአየር ቋቶቹ ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ውኃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ቋቱንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ውኃ፣ አልኮልና አሴቶን

ከደረቁ ሥራ በኋላ ዕቃው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሳሙናው ሙጫውን አያሟሟም፤ ውኃው ወደ ጠባቡ ስንጥቅ እንዲገባ የገጽ ውጥረቱን ይቀንስለታል። ውኃው ሲቀዘቅዝ መለወጥ አለበት። ሙጫው ወተት ሲመስል ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ከዳር ጀምሮ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ገብቶ ልባሱን በቀጭን ማዕዘን መላጥ ይቻላል። መላጥ ከመፋቅ የሚሻለው ኃይሉ ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። በስንጥቆች ውስጥ የቀረውን የቀርከሃ ስንጥርና የጥርስ ብሩሽ ያወጡታል። የብረት መርፌ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያውም በአጉሊ መነጽር ሥር ካልሆነ በቀር የሚመከር አይደለም።

የውኃው ዘዴ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በሙጫው ምክንያት ሳይሆን በቀለሙ ነው። አክሪሊክ ቀለም ከደረቀ በኋላ ውኃን ይከላከላል፤ በአሸዋው መካከል ሰርጎ የገባ ቀለምም ልባሱን ከሙጫው በላይ ያስረዋል። እዚህ ላይ ተራው የአልኮል ነው። አይሶፕሮፒል አልኮልም ሆነ ጥቂት ውኃ ያለበት ኢታኖል አክሪሊክ ቀለምን ያለሰልሳል፤ ፖሊቪኒል አሴቴትንም ያላላል። ጠንካራውን ፖሊዩሪቴን ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙም አይነካውም። ሙሉ በሙሉ ከውኃ የጸዳ አልኮል ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ለቀለም ሊያገለግል ይችላል፤ ለነጩ ሙጫ ግን ጥቂት ውኃ ያለበት ይበልጣል።

በሥነ ጥበብ ጥበቃ ዘርፍ የአሟሚዎችን ምርጫ ለማቅለል የመሟሟት መለኪያ የሚባል ቁጥር ይሠራበታል። መርሑ የሚመሳሰሉ ይሟሟሉ የሚል ነው። በሂልደብራንድ መለኪያ አሴቶን 20፣ አይሶፕሮፒል አልኮል 23.5፣ ኢታኖል 26.5፣ ውኃ ደግሞ 48 ገደማ ይይዛሉ። ፖሊቪኒል አሴቴት በ20 አካባቢ ስለሚገኝ አሴቶን በቀላሉ ያሟሟዋል፤ ውኃ ግን እጅግ ስለሚርቅ ማሳበጥ እንጂ ማሟሟት አይችልም። አንድ ቁጥር ሁሉን እንደማይናገር የታወቀ በመሆኑ ቻርልስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1967 መለኪያውን በሦስት ከፍሎታል። በዕቃ ጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው የቲስ ሦስት ማዕዘን ሠንጠረዥም በዚሁ አስተሳሰብ የቆመ ነው። ለተያዘው ጉዳይ ግን ቀላሉ ቁጥር የሚያሳየው ይበቃል፤ ለሙጫው እጅግ የሚቀርበው አሴቶን ሬዚኑን ለማሳበጥም ቅርብ ነው። ስለዚህ አሴቶን የመጨረሻው መሣሪያ ነው፤ ዕቃው አይነከርበትም። በጥጥ ጫፍ ተይዞ ሱፐር ግሉ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ለአጭር ጊዜ ይቀመጣል፤ ይነሣል፤ ገጹ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይደገማል። በተነካው ቦታ ላይ አሴቶኑ ሳይተን መፋቅ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ትዕግሥት የሌለው እጅ የድንጋዩን ጠርዝ የሚያጠፋው በዚያች ደቂቃ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ ውጪ የሚዘወተሩ ነገሮች አሉ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ቀለሙን ያነሣል፤ ቆዳንና ዓይንንም ያቃጥላል። ከአሉሚኒየም ክፍል ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ዳይክሎሮሜቴን ያለባቸው ቀለም ማንሻዎች ሬዚኑን ያሳብጣሉ፤ በትነታቸው ሰው ስለገደሉም በአሜሪካ ከ2019 ወዲህ ለተራ ሸማች እንዳይሸጡ ተከልክለዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከዚያ ቀደም ብሎ ገድቧቸዋል። ለአንድ የአሻንጉሊት ኮረብታ ሲባል እንዲህ ያለውን ነገር ወደ ቤት ማስገባት ትርጉም የለውም።

አሴቶንም ቢሆን እንደ ቀላል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መታየት የለበትም። በትነቱ በእሳት ሊያያዝ የሚችለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ሙቀት ጀምሮ ነው፤ በማንኛውም ክፍል ውስጥ ማለት ነው። የአይሶፕሮፒል አልኮል መነሻ 12 ዲግሪ ነው። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ትነቱ ይፈጥናል። ከሰል ምድጃ፣ ሻማ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለበት ክፍል እነዚህን መክፈት አይገባም። በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳው ትንሹ ማሽን ለውኃና ለሳሙና ብቻ ነው፤ አልኮል ተጨምሮበት ሊሠራ አይገባም። ሬዚኑ መከርከም ካስፈለገውም በርጥቡ መሆን አለበት፤ ደቃቁ ብናኝ ወደ ሳንባ ይገባልና ጭንብልም ያስፈልጋል። ስለ ዝቃጩም አንድ ቃል ተገቢ ነው፤ አሸዋና ያበጠ ሙጫ በመታጠቢያ ገንዳ ቱቦ ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል። በአሮጌ ጨርቅ አጥልሎ፣ አድርቆ መጣል የቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራት ይረክሳል።

እስከ የት?

ልባሱን እስከ መጨረሻው ቅንጣት ማንሣት አስፈላጊ የሚሆነው ዝርዝር ባለበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። የግንቡ ድንጋይ፣ የበሩ ሳንቃ፣ የጣሪያው ክዳን በዚህ ይመደባሉ። ሜዳው መሬት ግን እንደገና አሸዋ የሚለብስ ከሆነ አጥብቆ የተያዘውን አሸዋ መተው ምንም ጉዳት የለውም፤ ለአዲሱ ልባስ መያዣ ይሆናል እንጂ። ሙሉ ጽዳትን እንደ ሙያ ክብር የሚቆጥር ሰው ሜዳውን ሲያነጣ ግንቡን ያቆስላል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር፣ የግድግዳው ሥር፣ ብዙ ሙጫ የሚከማችበትና ብዙ ዝርዝር የሚጠፋበት ስለሆነ ከጊዜው አብዛኛውን መውሰድ ያለበት እርሱ ነው።

ጽዳቱ እንዳበቃ የመሰለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አላበቃም። እርጥብ ሙጫ ግልጽ ሊመስል ይችላል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና ቀጭን አንጸባራቂ ቆዳ ሆኖ ይታያል። ዕቃው ከደረቀ በኋላ በጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር መታየት አለበት። የሚያብረቀርቀው ቦታ ሙጫ የቀረበት ነው፤ ሬዚኑ ራሱ ደብዛዛ ነውና። በአየር ቋቶቹ ውስጥ የገባው ውኃም በአንድ ቀን ላይወጣ ይችላል። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ይረዳል፤ ዕቃው በየዕለቱ ይመዘናል፤ ክብደቱ በሁለት ተከታታይ ቀናት ካልተለወጠ ደርቋል። ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም ከሥሩ በሚወጣው እርጥበት ይነሣል።

አዲሱ ልባስ ሲለብስ ቅደም ተከተሉ ቢቀየር ቀጣዩን ሠራተኛ ከብዙ ድካም ያሳርፈዋል። ባዶውን ሬዚን መጀመሪያ በአክሪሊክ መነሻ ቀለም መሸፈን፣ ነጩን ሙጫና አሸዋውን ከዚያ በላይ ማኖር ነው። በዚህ አኳኋን ሙጫው የሚይዘው ሬዚኑን ሳይሆን አልኮል የሚያለሰልሰውን ቀለም ይሆናል፤ ልባሱም አንድ ቀን መነሣት ሲኖርበት ከነቀለሙ ይለቅቃል። አሸዋን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ግን በፍጥነቱ ቢያጓጓም፣ ለማንሣት አሴቶንን ግድ ስለሚል ዝርዝር ባለበት ገጽ አጠገብ ሊሠራበት አይገባም።